የእግር ቁስልና የቫይታሚን ጠርሙስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ናቸው፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ስለሚገዛለት ወይም ከውጭ ስለሚላክለት ቫይታሚን፣ ዚንክና የፕሮቲን ዱቄት። የመጀመሪያውን በሰፊው መልሰነዋል፤ የሌሎቹም መልስ ከእሱ ጋር ይያያዛል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባታችን 63 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር ከያዛቸው 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። በቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥር፣ መርገጫው ላይ፣ ቁስል ከወጣ ሁለት ወር አለፈው። በቅርቡ ደግሞ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ታዞላቸዋል። ዘመድ ከአሜሪካ ባለ 50 ሚሊግራም ዚንክ፣ ባለ 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ እና አንድ ትልቅ ቆርቆሮ የፕሮቲን ዱቄት ላከልን። ቫይታሚን ዲም ጨምሩላቸው የሚሉን አሉ። ቁስሉ አያማቸውም፤ እንደ ወትሯቸው ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ከነዚህ ቁስሉን ቶሎ የሚያደርቀው የቱ ነው? — ከሽምብጥ

መልስ፦ እኅታችን፣ ከጠርሙሶቹ ይልቅ እኛን ያሳሰበን «አያማቸውም» ያሉት ነው። መርገጫው ተከፍቶ ካላመመ የእግሩ ነርቭ ደንዝዟል ማለት ነው። ስሜት ያለው እግር ሲቆስል ሰው ያነክሳል፤ ማነከሱም ቁስሉን ያሳርፈዋል። አባትዎ ግን አያነክሱም። በቀን 3,000 እርምጃ ቢሄዱ 1,500ው በቀኝ እግራቸው ነው፤ ያ ቁስል በቀን 1,500 ጊዜ የሰውነታቸውን ክብደት ይሸከማል ማለት ነው። ሌሊት የበቀለው ስስ ሥጋ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው እስኪመለሱ ይደቅቃል። ይህን የሚያሸንፍ እንክብል የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጫናውን ማንሣት ያስፈልጋል። መርገጫ ላይ ላለ ቁስል፣ የደም ዝውውሩ ደህና ከሆነና ከባድ ኢንፌክሽን ከሌለ፣ ከሁሉ የተሻለው ከጉልበት በታች እግሩን ሙሉ የሚይዝ፣ ታማሚው በራሱ የማያወልቀው ጄሶ ወይም ቡት ነው። ቁም ነገሩ አለመውለቁ ላይ ነው። የሚወልቀውን ሰው ቤቱ ሲገባ ያወልቀዋል፤ ሌሊት ለሽንት ሲነሣም በባዶ እግሩ ይረግጣል። ጄሶ ካልተገኘ ባለሙያ በልኩ ቆርጦ የሚያነጥፈው ወፍራም ፌልት (የሱፍ ንጣፍ) ከተስማሚ ጫማና ከክራንች ጋር ይረዳል። ቤት ውስጥ ጨርቅ እንደ ማቶት ጠቅልላችሁ በቁስሉ ዙሪያ አትሰሩ፤ ጫናው ወደ ቁስሉ ጠርዝ ይሄድና ለዳር ቆዳው የሚደርሰውን ደም ያንቃል።

ቤተ ክርስቲያን አይሂዱ አንልም። ቁስሉ እስኪዘጋ ግን ጫማቸውን ሳያወልቁ ከቅጥሩ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቢያስቀድሱ፣ ምክንያታቸውንም ለካህኑ አስቀድመው ቢነግሩ መልካም ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ድንጋይ የደነዘዘ እግርን ሳይታወቅ ያቃጥላል፤ እንዲህ ያለ ቃጠሎ ሌላ ቁስል ይጨምራል።

ቀጥሎ የሚታየው ደሙ ነው። ሐኪሙ በእግሩ ጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ያለውን የልብ ምት ይዳስስ። ካልተገኘ የቁርጭምጭሚቱ የደም ግፊት ተለክቶ ለክንዱ የደም ግፊት ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ0.9 በታች ከሆነ ደም ሥሩ ጠቧል። ከዚያም በቁስሉ ዳር የደደረው ቆዳና የሞተው ሥጋ በባለሙያ ተቆርጦ መነሣት አለበት፤ የደደረው ቆዳ ራሱ ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ነው። ሁለት ወር ያለፈው ቁስል በጤና ጣቢያ ፋሻ ብቻ አይያዝም። ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍላቸው ይጠይቁ።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በዚህ ጉዳይ የተሠሩ 9 ጥናቶችን፣ በድምሩ 629 ሰዎችን፣ መርምሮ ማሟያዎቹ ቁስል ይዘጋሉ ለማለት ማስረጃው እጅግ ደካማ ነው ብሏል። ዓለም አቀፉ የስኳር እግር የሥራ ቡድንም በ2023 መመሪያው ፕሮቲንም ሆነ ቫይታሚን ወይም ማዕድን ቁስሉን ለማዳን ተብሎ ከመደበኛው ሕክምና በላይ እንዳይሰጥ መክሯል። ትልቁ ጥናት በ2014 የወጣው ነው፤ አርጂኒን፣ ግሉታሚንና ኤች ኤም ቢ የተባሉ የፕሮቲን ክፍሎችን በማሟያነት በ270 ሰዎች ጥናት ፈትኖ በ16 ሳምንት ውስጥ በጠቅላላው ልዩነት አላገኘም። የተጠቀሙ የመሰሉት አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲናቸው ዝቅ ያለው ወይም ወደ እግራቸው የሚደርሰው ደም የቀነሰው ብቻ ነበሩ።

ከትንንሾቹ ጥናቶች አንዱ በሲድኒ የተሠራ ነው፤ 16 ሰዎች ብቻ፣ በቀን 500 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ለ8 ሳምንት። ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ ቀድሞም የቫይታሚን ሲ እጥረት ነበረባቸው። ይህን አስተውሉ፤ የጎደለበትን ሰው መሙላት አንድ ነገር ነው፣ በሞላበት ላይ መጨመር ሌላ። ዴንማርክ ውስጥም በቀን 170 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ የወሰዱት 20 ማይክሮግራም ከወሰዱት የተሻለ ድነዋል። ጥናቱ ግን 64 ሰዎች ላይ ብቻ የተደረገ ነው፤ 170 ማይክሮግራም ወይም 6,800 ዩኒት ደግሞ ያለ ሐኪምና ያለ ካልሲየም ምርመራ በየቀኑ የሚዋጥ መጠን አይደለም።

ከተላከላችሁ ውስጥ በጣም የምንጠነቀቀው ዚንኩን ነው። ለአዋቂ ወንድ የቀን ፍላጎቱ 11 ሚሊግራም፣ የማይታለፈው ጣሪያ 40 ነው፤ የተላከው 50 ነው። ለወራት ሲወሰድ መዳብን ከሰውነት ያጎድላል፤ የመዳብ እጥረት ደግሞ ደም ማነስንና የነርቭ ጉዳትን ያመጣል። ነርቫቸው የደነዘዘ ሰው ይህን መጨመር የለባቸውም። ከዚህ የሚቀርበው ችግር ደግሞ አንቲባዮቲኩ ነው። ዚንክ፣ ብረት፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲፕሮፍሎክሳሲንን አንጀት ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። መድኃኒቱ «አልሠራም» ተብሎ የሚቀየረው አንዳንዴ ጠዋት ከቫይታሚኑ ጋር አብሮ ስለተዋጠ ነው። ስለዚህ አንቲባዮቲኩ እስኪያልቅ ዚንኩን ያቁሙት። ሐኪም ይቀጥል ካለ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲኑን ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት፣ ዚንኩን ቀን 7 ሰዓት ከምሳ ጋር ያድርጉት፤ በመካከላቸው ስድስት ስድስት ሰዓት ይኖራል። ወተትና እርጎም ከሲፕሮፍሎክሳሲኑ ጋር አይወሰዱ። ጠርሙሱ ላይ «ዚንክ ሰልፌት 220» የሚል ካያችሁ ደግሞ ውስጡ ያለው ዚንክ 50 ሚሊግራም ነው።

ለቫይታሚን ሲ ጠርሙስ አያስፈልግም። አንድ መካከለኛ ዘይቱን የቀኑን ፍላጎት ይሸፍናል፤ ጥሬ ቃሪያና ፓፓያም ይረዳሉ። ዱቄቱን ግን አትጣሉት። የኩላሊት ምርመራቸው ደህና ከሆነና ምግብ እምቢ ካላቸው ይጠቅማል፤ አስቀድሞ በጀርባው በአንድ ማንኪያ ስንት ግራም ፕሮቲንና ስንት ግራም ስኳር እንዳለው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ተረከዜ ላይ ቁስል አለ፤ ክብደቴ 60 ኪሎ ነው፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እጾማለሁ። «ሥጋ ካልበላሽ አይድንም» ተባልኩ። እውነት ነው? — ከዘጌ

መልስ፦ ሥጋው ግድ አይደለም፤ ፕሮቲኑ ግን ግድ ነው። ቁስል ያለበትና ሰውነቱ የሳሳ ሰው፣ ኩላሊቱ ጤነኛ ከሆነ፣ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን በቀን ይመከራል። ለእርስዎ ከ75 እስከ 90 ግራም ነው።

በጾም እንዲህ ይሞላል፦ ሳይቀቀል የተመዘነ 100 ግራም ምስር 24 ግራም ገደማ፣ 50 ግራም የሽሮ ዱቄት 10፣ 50 ግራም የሽምብራ ቆሎ 10፣ 50 ግራም ለውዝ 13፣ ከ150 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ 18። ድምሩ 75 ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ሽሮው ሲቀጥን ነው። አንድ ጭልፋ ቀጭን ሽሮ ውስጥ ያለው ዱቄት ከሁለት የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም፤ ሆድ በእንጀራ ይሞላል፣ ስኳር ይወጣል፣ ፕሮቲኑ ግን አልገባም። ሽሮው ይወፍር፣ ምስሩ ይብዛ፣ እንጀራው ይቀነስ። እርሾው በደንብ የቦካ እንጀራ ከቂጣ ይሻላል፤ ቡኮው በእህሉ ውስጥ ዚንክንና ብረትን የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል።

በፍስክ ነገሩ ይቀልልዎታል፤ ሐይቁ ደጅዎ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ቀረሶ ተቆርጦ አጥንቱና ጭንቅላቱ ሲወጣ የሚቀረው ሥጋ ሲሶው ያህል ነው፤ እሱ ብቻውን 33 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። ሁለት እንቁላል 12፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ይጨምራል።

ከፕሮቲኑ ይልቅ የሚያሰጋን ኢንሱሊን ወግቶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየቱ ነው፤ ስኳር ወርዶ ሊጥልዎት ይችላል። ከመጾምዎ በፊት የመርፌውን መጠንና ሰዓት ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ፤ ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ። ለታመመ ሰው ጾም የሚቀልበት ሥርዓት አለ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ ማርና ጠበል ቁስሉ ላይ ብናደርግስ? የጣና ውኃስ ያጥባል? — ከጎርጎራ

መልስ፦ ለቁስል የሚሠራ ማር አለ፤ እሱ ግን በጨረር ጀርም የተገደለበትና በጸዳ ማሸጊያ የሚመጣ ነው። የገበያው ማር ለምግብ ነው፤ ጥልቅ ቁስል ውስጥ ሲገባ የሚጎዱ የባክቴሪያ ዘሮች ሊኖሩበት ይችላል። ቡና፣ ቅቤና ቅጠል ደግሞ ቁስሉን ይሸፍኑና ሐኪሙ የሚያየውን ይደብቃሉ። በጠበል ሲጠመቁ እግሩን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ከላይ ይሰሩት፤ ሲጨርሱ ፋሻው ረጥቦ ከሆነ ወዲያው ይቀየር። የጣና ውኃ ቁስል አይነካ፤ በዳርቻው ቢልሃርዚያ አለ፣ የከተማና የከብት ፍሳሽም ይገባበታል።

ቤት የሚዘጋጅ ማጠቢያ፦ አንድ ሊትር ውኃ ለ10 ደቂቃ ያፍሉ፣ አንድ ተኩል ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ፣ ከድነው ያቀዝቅዙ፣ በዚያው ቀን ይጨርሱት። ያጥቡ እንጂ አይዘፍዝፉ። ተዘፍዝፎ የነጣ ቆዳ በጣቶቹ መካከል ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ለጀርም በር ነው።

ጥያቄ፦ የኩላሊት ምርመራዬ (ክሬያቲኒን) 2.1 ነው ተብያለሁ፤ እግሬም ቆስሏል። ፕሮቲን ዱቄትና ማግኒዥየም ገዛሁ። — ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ሁለቱንም ያቁሙና ወደ ሐኪምዎ ይውሰዷቸው። የደከመ ኩላሊት ማግኒዥየምና ፖታሲየም ማስወጣት ያቅተዋል፤ ሲጠራቀሙ የልብ ምትን ያዛባሉ። ብዙዎቹ ዱቄቶች ፖታሲየምና ፎስፈረስ አለባቸው። በትላልቅ መጠን የሚወሰድ ቫይታሚን ሲም ለኩላሊት ጠጠር መንገድ ይከፍታል። ከላይ ለዘጌዋ አንባቢ የሰጠነው የፕሮቲን ልክ ለእርስዎ አይሆንም። ቁስሉ ብዙ ይሻል፣ ኩላሊቱ ጥቂት ይሻል፤ ልኩን የሚያስታርቀው የእርስዎን ምርመራ ያየ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ ስምንት ዓመት ሜትፎርሚን ወስጃለሁ። እግሬ ይደነዝዛል፣ ሌሊት ያቃጥለኛል። ፋርማሲ የቢ ቫይታሚን እንክብል ሰጡኝ፤ በየቀኑ እየዋጥኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ይጠቅማል? — ከሹም አቦ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከማሟያዎች ሁሉ አጥብቀን ይመርመር የምንለው ይህን ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 መመጠጥን ይቀንሳል። ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ በዓመት ከግማሽ በላይ የሚጾም ሰው ደግሞ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ እጥረቱ ይመጣል፤ ምልክቱም ከስኳር ነርቭ ጉዳት ጋር ይመሳሰላል፣ ሁለቱም እግርን ያደነዝዛሉ። ደነዝዞ የማይሰማው እግር ነው የሚቆስለው። ስለዚህ ከአራት ዓመት በላይ ሜትፎርሚን የወሰደ ሰው የቢ12 መጠኑን በደም ምርመራ ማየት አለበት። ከጎደለ በመርፌ ወይም በቀን ከ1,000 እስከ 2,000 ማይክሮግራም በሚዋጥ ክኒን ይሞላል። ሜትፎርሚኑን በራስዎ አያቁሙ።

የያዙትን እንክብል ግን አዙረው ያንብቡ። ብዙዎቹ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የተቀላቀሉባቸው ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ቢ6 ከ100 እስከ 200 ሚሊግራም ይደርሳል። ይህን ያህል ቢ6 ለወራትና ለዓመታት ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ እግር ያደነዝዛል። ሁለት ዓመት ብዙ ነው። ያቁሙትና ለሐኪም ያሳዩት።

ጥያቄ፦ አብሽና ሽፈራው ስኳርን ስለሚያወርዱ ለቁስሉም ይረዳሉ ይባላል። — ከግሽ ዓባይ

መልስ፦ አብሽ ስኳር ያወርዳል፤ ጥንቃቄውም ከዚሁ ይመጣል። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ላይ ሲጨመር ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፣ በተለይ በባዶ ሆድ። የሚጠጣ ሰው መጠኑን አይለዋውጥ፣ ስኳሩን በጊዜው ይለካ፣ ለሐኪሙም ይንገር። ሽፈራው ጥሩ ቅጠል ነው፤ እንደ ጎመን ይበላ። ቁስል እንደሚዘጉ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ ለሁለቱም የለም።

ጥያቄ፦ ቁስሉ እየዳነ መሆኑን በምን እናውቃለን? አንዱ «ደርቋል» ይላል፣ ሌላው «ገና ነው» ይላል። — ከሰፈነ ሰላም

መልስ፦ በዓይን አይገመት፤ ይለካ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ ከታጠበ በኋላ፣ ንጹሕ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ በላዩ ያድርጉና የቁስሉን ዳር በእስክሪብቶ ይከተሉ። ቁስሉን የነካውን ገጽ በአልኮል ይጥረጉና ቀን ይጻፉበት። ከዚያ ረጅሙን ርዝመትና ሰፊውን ወርድ በማስመሪያ ለክተው ያባዙ። 2 ሴንቲሜትር በ1.5 ከሆነ 3 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። በአራተኛው ሳምንት ከ1.5 ካልወረደ፣ ማለት በግማሽ ካልቀነሰ፣ በያዙት መንገድ በ12 ሳምንት የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ያን ጊዜ ቫይታሚን መጨመር ሳይሆን ጫናው በርግጥ ተነሥቷል ወይ፣ ደም ይደርሳል ወይ፣ አጥንቱ ተይዟል ወይ ተብሎ እንደገና ይመረመራል። ጣቱ በሙሉ ቀልቶ ካበጠ ወይም ሐኪሙ በቁስሉ ያስገባው መመርመሪያ አጥንት ከነካ አጥንቱ ይጠረጠራል። የመጀመሪያው ራጅ ጤነኛ ቢመስልም ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ የአጥንት ለውጥ በራጅ የሚታየው ዘግይቶ ነውና።

«ደርቋል» የሚባለውንም ተጠንቀቁ። ላዩ ጠቁሮ የጠነከረ ቅርፊት ከሥሩ መግል ሊይዝ ይችላል፤ ዳሩን ቀስ ብለው ሲጫኑት ፈሳሽ ከወጣ አልዳነም።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን መሄድ የሚያስፈልገው፦ መቅላቱ ከቁስሉ ዳር ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ሲሰፋ፣ ሽታ ወይም መግል ሲመጣ፣ ጣት ሲጠቁር፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ሲል፣ ስኳሩ ያለ ምክንያት ሲያሻቅብ፣ ወይም ደንዝዞ የነበረው እግር በድንገት መታመም ሲጀምር ነው። ሌሊት ከሆነም ባጃጅ ይጥሩ፤ እስከ ዋናው መንገድ በእግር አይሂዱ። ፕላስቲኮቹን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ ከውጭ የተላኩትን ጠርሙሶችም ሳይቀር በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የትኛው ከየትኛው እንደሚጋጭ የሚያውቀው ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ሲያይ ነው።